ዶርዜ

ዶርዜ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን ባለው ደጋ ላይ የሚገኝ መንደርና አካባቢ ነው። ስሙ በዚያ ለሚኖረው ሕዝብና ለሚናገረው ቋንቋም መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። ዶርዜ በሽመና ሥራው፣ ከቀርከሃ በሚሠራው ረጃጅም ቤቱና በርካታ ድምፆች በሚቀናጁበት የሕብረት ዜማው ይታወቃል። የቦታው ስፋት ትንሽ ቢሆንም ስሙ ከቦታው ርቆ ሄዷል። በአዲስ አበባ «ዶርዜ» የሚለው ቃል ለብዙ ዓመታት «ሸማኔ» ከሚለው ጋር ተቀራራቢ ትርጉም ይዞ ሲነገር ቆይቷል።

ሥፍራና መልክዓ ምድር

ዶርዜ የሚገኘው አርባ ምንጭን ከጨንቻ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ ሲሆን ከአርባ ምንጭ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጨንቻ ከዶርዜ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አለፍ ብላ፣ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። አርባ ምንጭ ራሷ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

ርቀቱ አጭር ቢሆንም የከፍታው ልዩነት ትልቅ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ዶርዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነስቶ ሽቅብ የሚጠማዘዘው መንገድ በአንድ ሰዓት አካባቢ ከሞቃት ቆላ ወደ ብርዳማ ደጋ ያደርሳል። ከታች ሙዝ፣ ማንጎና ጥጥ ይበቅላሉ። ከላይ ደግሞ ገብስ፣ ባቄላ፣ እንሰትና ቀርከሃ ይታያሉ። ከዶርዜ አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የአባያና የጫሞ ሐይቆች በአንድ እይታ ይገቡለታል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው ጠባብ መሬት «የእግዜር ድልድይ» ይባላል።

አካባቢው የጋሞ ደጋ አካል ነው። ይህ ደጋ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ሲሆን ከፍተኛው ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉጌ ተራራ ነው። ከደጋው የሚነሱ ወንዞች በአብዛኛው ወደ ሐይቆቹ ይወርዳሉ። የሐሬ ወንዝ ወደ አባያ፣ የኩልፎ ወንዝ ደግሞ ወደ ጫሞ ይፈስሳሉ። ስለዚህ በደጋው ላይ የሚታጠበው አፈር መጨረሻው ሐይቅ ነው። የአባያ ውኃ ቀላ ያለ መልክ የያዘውም ወንዞች ከደጋ ጠርገው በሚያመጡት ደለል የተነሳ ነው።

የዶርዜ አየር ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠናከራል። ጉም መንደሩን የሚሸፍንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ይህ የአየር ጠባይ በዶርዜ ኑሮ ውስጥ ዋና ቦታ ያላቸውን ሁለት ተክሎች ማለትም እንሰትንና የደጋ ቀርከሃን ይስማማቸዋል።

ስሙ ማንን ያመለክታል

«ዶርዜ» የሚለው ስም በአገሩና ከአገሩ ውጭ የሚሰጠው ትርጉም አንድ አይደለም። በጋሞ ደጋ ላይ ዶርዜ ማለት አንድ የተወሰነ «ደሬ» ማለት ነው። ደሬ የራሱ ወሰን፣ የራሱ የመሰብሰቢያ ሜዳና የራሱ ባህላዊ ሹማምንት ያሉት ማኅበረሰብ ነው። በጋሞ ደጋ 40 ያህል ደሬዎች እንደነበሩ ይነገራል። ዶኮ፣ ጨንቻ፣ ኤዞ፣ ዲታ፣ ቦንኬና ኦቾሎ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዶርዜም ከእነርሱ አንዱ ነው።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ግን ስሙ ሰፋ ያለ ትርጉም ይዟል። ወደ ከተማ ከፈለሱት የጋሞ ሸማኔዎች መካከል ዶርዜዎች ቀዳሚና ብዙ ስለነበሩ፣ ከዶኮም ሆነ ከጨንቻ የመጣው ሸማኔ በጅምላ «ዶርዜ» ተባለ። በዚህ አጠራር የማይስማሙ የጋሞ ተወላጆች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ዶርዜ የጋሞ አንድ ክፍል እንጂ የጋሞ ሁሉ ስም አይደለም። ስሙ በከተማ ሥራን ለመናቅ ያገለገለበት ጊዜም ስለነበረ ጉዳዩ ከስያሜ ክርክር ያለፈ ነው።

ዶርዜ እንደ ቋንቋ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች የኦሜቶ ክፍል ይመደባል። ለጋሞ፣ ለጎፋና ለወላይታ ቋንቋዎች ቅርብ ሲሆን ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ከጋሞኛ ዘዬዎች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ዶርዜ ራሱን ችሎ የተመዘገበ ሲሆን የብሔረሰቡ አባላት ቁጥር ወደ 29 ሺህ ይጠጋ ነበር። በትምህርት ቤት የሚሰጠው ጋሞኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል።

ታሪክ

የጋሞ ደጋ ከሰሜኑ የክርስቲያን መንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት ጥንታዊ ነው። ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለ ኮረብታ የምትገኘው ብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያን የዚህ ግንኙነት ምስክር ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ በግዕዝ የጻፈው መነኩሴው አባ ባሕርይም ከጋሞ የተገኘ ነው። ከዚያ በኋላ ግንኙነቱ ተቋርጦ ደጋው ለረጅም ዘመን በራሱ ኖረ። ሆኖም የአንዳንድ በዓላት ስም፣ የጾም ሥርዓትና የቅዱሳን መጠሪያ በአካባቢው ባህል ውስጥ ቀርተዋል።

በዚያ ዘመን ደሬዎች እርስ በርስ ይዋጉም ይታረቁም ነበር። አንድም ደሬ ሌሎቹን ሁሉ ጠቅልሎ የገዛበት ዘመን አልነበረም። ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራዊት አካባቢውን በያዘ ጊዜ ነው። በደጋው ላይ የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት ተተከለ። ገበሬው ለተሾመበት ባለሥልጣንና ወታደር ግብር ከመክፈሉ በላይ በጉልበቱ እንዲያገለግል ተገደደ። ከአካባቢው ተወላጆች አንዳንዶቹ ባላባት ተብለው በሕዝቡና በመንግሥት መካከል እንዲቆሙ ተደረገ። ጨንቻ የአስተዳደር ማዕከል ሆና አደገች፤ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም ነበረች።

ይህ ለውጥ በዶርዜ ሽመና ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤት አስከተለ። በአንድ በኩል ግብርና የጉልበት ሥራ ሕዝቡን አስጨነቀ። በሌላ በኩል ደግሞ ነጭ ሸማ የሚለብሱ መኳንንት፣ ወታደሮችና ካህናት ወደ አካባቢው በመምጣታቸው፣ አዲስ አበባም በመቆርቆሯ የሸማ ገበያ ሰፋ። ሽመናን ቀድሞውኑ የሚያውቁት ዶርዜዎች ምርታቸውን ይዘው ወደ ዋና ከተማዋ መሄድ ጀመሩ።

በ1950ዎቹ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አዲሲቱ አርባ ምንጭ ተዛወረ። በዚህም የንግዱና የአስተዳደሩ ክብደት ከደጋው ወደ ቆላው ወረደ። የ1966 ዓ.ም. አብዮትን ተከትሎ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የባላባትንና የገባርን ሥርዓት አስቀረ። የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። ይሁንና አዲሱ መንግሥት ባህላዊ ሹመቶችንና የመሥዋዕት ሥርዓቶችን እንደ ኋላ ቀርነት ስላያቸው በብዙ የጋሞ ደሬዎች ሥርዓቶቹ ተዳከሙ ወይም ለጊዜው ተቋረጡ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዶርዜ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሆነ። በዚህ ወቅት ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አጣምሮ «ወጋጎዳ» የተባለ አንድ የትምህርት ቋንቋ ለመፍጠር የተደረገው ሙከራ በተለይ በወላይታ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞት ቀረ። ሰሜን ኦሞ ዞንም በ1993 ዓ.ም. ተከፋፍሎ ጋሞ ጎፋ ዞን ተመሠረተ። ይኸኛውም በ2011 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል የጋሞ ዞን ራሱን ቻለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የጋሞ ዞን የዚሁ ክልል አካል ሆነ።

ደሬ፣ ዱቡሻና ሃላቃ

የዶርዜ ባህላዊ አስተዳደር የተመሠረተው በስብሰባ ላይ ነው። የደሬው ሰዎች ጉዳያቸውን የሚመክሩበት የተከበረ ሜዳ «ዱቡሻ» ይባላል። በዱቡሻ ላይ የመሬት ወሰን፣ የጋራ ሥራ፣ የጠብና የዕርቅ ጉዳይ ይነሳል። ውሳኔ ላይ የሚደረሰውም በንግግርና በስምምነት ነው። ዱቡሻ ዳኝነትን ከአምልኮና ከተፈጥሮ ጥበቃ ጋር ያገናኘ ቦታ ነው። በአካባቢው ያሉት ዛፎች አይቆረጡም። በጋሞ ደጋ ዛሬም የሚታዩት ትንንሽ ጥብቅ ደኖች፣ ጽዱና ኮሶው፣ በአብዛኛው የተረፉት የተቀደሱ ቦታዎች ስለሆኑ ነው።

በየደሬው «ካዎ» የሚባል በዘር የሚወረስ ሹመት አለ። ካዎ ለደሬው ደኅንነት መሥዋዕት የሚያቀርብ እንጂ እንደ ፍጹም ንጉሥ የሚያዝዝ አልነበረም። ከእርሱ ሌላ ሰዎች በስብሰባ የሚመርጡት «ሃላቃ» አለ። ሃላቃ ለመሆን የሚመረጠው ሰው ለደሬው ሕዝብ ትልቅ ድግስ መደገስ ይጠበቅበታል። ድግሱ ብዙ ሀብት ስለሚጨርስ ባለጸጋው የሰበሰበው እህል፣ ከብትና ገንዘብ ተመልሶ ለጎረቤቱ ይከፋፈላል። ባለጸጋው ክብር ሲያገኝ ሀብቱ ደግሞ ይበተናል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሀብታሞች ሹመቱን ለመሸሽ ሲሞክሩ፣ ሕዝቡ ደግሞ ለማስያዝ ሲከታተላቸው እንደነበር በአካባቢው የሠሩ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪዎች ጽፈዋል።

ሥርዓቱ ጥላም አለው። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች እንደ ሙሉ ዜጋ አይቆጠሩም ነበር። መሬት መያዝ፣ በዱቡሻ ላይ እኩል መናገርና ከሌሎች ጋር መጋባት ተከልክለው ኖረዋል። ሽመና ግን በዚህ ንቀት ውስጥ አልገባም። ሸማኔው እንደ ማንኛውም ዜጋ ገበሬም ነው፤ ሃላቃም ሊሆን ይችላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ሸማኔነት ለረጅም ዘመን ከተናቁ የእጅ ሥራዎች ይቆጠር ስለነበር፣ በአገሩ የተከበረው ዶርዜ አዲስ አበባ ሲደርስ በዚያው ሥራው የተናቀ ሆኖ ያገኘው ጊዜ ነበር።

በጋሞ ባህል ክፉ ሥራ በሠሪው ብቻ ሳይቀር በቤተሰቡ፣ በከብቱና በእርሻው ላይ መዘዝ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ይህ መዘዝ «ጎሜ» ይባላል። ጠብን ሳይፈቱ መቆየት፣ ወሰን መግፋት፣ ሽማግሌን አለመስማት ጎሜ ያመጣል። የዚህ እምነት ኃይል በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ታይቷል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት መካከል ብዙ የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበርክከው ለመኗቸው። በባህሉ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ጎሜ ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ። ድርጊቱ በመላው ኢትዮጵያ ትልቅ አክብሮት አግኝቷል።

የዶርዜ ቤት

የዶርዜ ቤት ከሩቅ ሲታይ የተደፋ ትልቅ ቅርጫት ይመስላል። ከፊት ለፊት ሲያዩት ደግሞ ወጣ ያለው መግቢያ እንደ ኩምቢ፣ ከበላዩ ያሉት የጭስ መውጫ ቀዳዳዎች እንደ ዓይን ሆነው የዝሆን ፊት ያስታውሳሉ። የአካባቢው ሰዎች ቅርጹ ዝሆን በደጋው ይኖር ከነበረበት ዘመን የተወሰደ መሆኑን ለእንግዳ ይተርካሉ።

ቤቱ የሚሠራው ከደጋ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃው ተሰንጥቆ በክብ ቦይ ውስጥ ይተከላል፤ ከዚያም ከታች ወደ ላይ እንደ ቅርጫት እየተጠላለፈ ይሠራል። ስለዚህ ግድግዳና ጣሪያ ተብሎ የሚለይ ክፍል የለውም። ከውጭ የቀርከሃ ልባስና የእንሰት ቅጠል ይደራረብበታል። ዝናቡ በቀጥታ ስለሚንሸራተት ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ቁመት ሊደርስ እንደሚችል ይነገራል።

የቤቱ ቁመት ከዕድሜው ጋር ይቀንሳል። ከመሬት ጋር የተገናኘው የቀርከሃ ጫፍ በምስጥና በእርጥበት ሲበሰብስ ባለቤቶቹ የተበላሸውን ቆርጠው ይጥላሉ። ቤቱም በዚያው መጠን ያጥራል። በዚህ አኳኋን አንድ ቤት ለበርካታ አሥርት ዓመታት ያገለግላል። ረጅሙ ቤት አዲስ፣ አጭሩ ደግሞ ያረጀ መሆኑን በማየት ብቻ መለየት ይቻላል። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግም ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ በሥሩ አጣና አስገብተው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ያዛውሩታል።

በውስጡ መካከል ላይ ምድጃ አለ። በአንድ ወገን የቤተሰቡ መኝታ፣ በሌላው ወገን የከብቶች ጋጣ ይገኛል። ከብቶቹ በብርዱ ሌሊት ለቤቱ ሙቀት ይሰጣሉ። ጭሱ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ወጣ ያለው የመግቢያ ክፍል እንግዳ የሚቀመጥበት ነው።

እንሰትና እርሻ

የዶርዜ ዋና ምግብ ከእንሰት ይገኛል። እንሰት ሙዝ የሚመስል ነገር ግን የሚበላ ፍሬ የማይሰጥ ተክል ነው። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ተክሉ ለምርት የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሆን በደጋ ብርድ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ለመፋቅ ሲደርስ ሴቶች ግንዱን በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ፤ ሥሩን ይቀጠቅጣሉ። የተገኘው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቦካል። ይህ ቆጮ ነው። ከፍቁ የሚጨመቀው ነጭ ዱቄት ቡላ፣ ተቀቅሎ የሚበላው ሥር ደግሞ አሚቾ ይባላል። ቆጮ በምጣድ ተጋግሮ ከማርና «ዳጣ» ከሚባለው የሚያቃጥል ቅመም ጋር ለእንግዳ ይቀርባል።

ቤት፣ ከብትና እንሰት እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። እንሰት ያለ ፍግ አይበረታም። ፍጉ የሚገኘው በቤት ውስጥ ከሚያድሩት ከብቶች ሲሆን በየጊዜው ተጠርጎ ቤቱን ከብቦ ወዳለው የእንሰት ማሳ ይወሰዳል። የእንሰቱ ቅጠል ደግሞ ለከብቱ መኖ፣ ለቤቱ ልባስ፣ ለቆጮው መጠቅለያ ይሆናል። እንሰት በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሰው ስለሚመግብና በጓሮ ቆሞ ለክፉ ቀን ስለሚጠብቅ፣ ዶርዜን የመሰለ ሕዝብ የሰፈነበት ደጋ እንዲኖር አስችሏል።

ከእንሰት ሌላ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንችና ጎመን ይመረታሉ። የጨንቻ አካባቢ በአፕል ምርቱም ይታወቃል። ፍሬውን ወደ አካባቢው ያስገቡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመጡ ሚስዮናውያን ናቸው። ዛሬ ብዙ ገበሬዎች ከፍሬውና ከችግኙ ሽያጭ ገቢ ያገኛሉ።

ሽመና

በዶርዜ ፈትል የሴቶች፣ ሽመና የወንዶች ሥራ ነው። ጥጡ በደጋው አይበቅልም፤ ከቆላው በገበያ ይመጣል። ሴቶች ጥጡን ከፍሬው ለይተው፣ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል። ከዚያም በእንዝርት ይፈትሉታል። የተፈተለው ልቃቂት ለሸማኔው ይደርሳል።

ሸማኔው መጀመሪያ ድሩን ይዘረጋል። ከዚያም በመሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድዳል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ሲከፍትና ሲዘጋ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እያስተላለፈ ማጉን ያስገባል። መሣሪያው በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከቀርከሃና ከገመድ በቀላሉ የሚሠራ ነው። በዚህ መንገድ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡልኮ ይሸመናሉ። የጥለቱ ሥራ የሸማኔው ችሎታ የሚለካበት ነው። አንዳንድ ጥበብ የድሩን ክሮች በጣት እየቆጠሩ ባለቀለም ክር በማስገባት የሚሠራ በመሆኑ ብዙ ቀን ይወስዳል።

ለራሱ ለዶርዜና ለጋሞ ባህል መለያ የሆነው ልብስ «ዱንጉዛ» ይባላል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለማት ጎልተው የሚታዩበት ይህ ጨርቅ በበዓልና በለቅሶ ይለበሳል። ዛሬ ከሱሪና ከኮት እስከ ኮፍያና ቦርሳ እየተሰፋ በየከተማው ይሸጣል።

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ይውላል። ከቆላ የሚመጣው ጥጥና ፍራፍሬ፣ ከደጋው የሚወጣው ቆጮ፣ ገብስ፣ ቀርከሃና ሸማ የሚገናኙት በእነዚህ ቀናት ነው።

ዶርዜዎች በአዲስ አበባ

የመሬት ጥበትና የሸማ ገበያ መስፋፋት ብዙ ዶርዜዎችን ወደ ከተማ አውጥቷል። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ግርጌ፣ በተለይም በሽሮ ሜዳና በጉለሌ አካባቢ የሸማኔዎች መንደር ተመሠረተ። ሽሮ ሜዳ ዛሬ የአገር ባህል ልብስ ዋና ገበያ ነው። ለሠርግ፣ ለጥምቀትና ለእንቁጣጣሽ የሚለበሰው የሐበሻ ቀሚስ አብዛኛው ከእነዚህ ሸማኔዎች እጅ የወጣ ነው።

ይህ ፍልሰት ሁለት ገጽታ አለው። ከከተማ የሚላከው ገንዘብ በደጋው ቤት ሠርቷል፤ ልጆችን አስተምሯል፤ ድግስ አስደግሷል። በሌላ በኩል ሥራ እንዲማሩ ተብሎ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ሕፃናት ያለ በቂ ክፍያና ያለ ትምህርት ለረጅም ሰዓት ሲሸምኑ መኖራቸው ለዓመታት ያሳሰበ ችግር ነው። የሸማው ዋጋ በነጋዴው እጅ ሲያድግ ለሸማኔው የሚደርሰው ትንሽ መሆኑ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። ሸማኔው በአነስተኛ ዋጋ ለመኖር ርካሽ ጉልበት ይፈልጋል፤ ርካሹ ጉልበት ደግሞ የልጅ ጉልበት ሆኖ ይገኛል።

ሃይማኖትና በዓል

በዶርዜ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና፣ የፕሮቴስታንት ክርስትናና የቀደመው አገር በቀል እምነት ጎን ለጎን ኖረዋል። ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ በጋሞ ደጋ ብዙ ተከታይ አግኝተዋል። አዲሶቹ አማኞች ለአባቶች መንፈስ ከሚቀርበው መሥዋዕት ስለሚርቁ የሃላቃና የካዎ ሥርዓት በአንዳንድ ቦታ ጠባቂ አጥቷል።

የዓመቱ ትልቅ በዓል መስቀል ነው። በጋሞኛ «ማስቃላ» ይባላል፤ «ዮ ማስቃላ» የሚለው ሰላምታም ከዚህ የመጣ ነው። በዓሉ የአዲስ ዓመት መግቢያ ሆኖ ይከበራል። በአዲስ አበባና በሌላም ቦታ ያሉ ሸማኔዎች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ይዘው ወደ ደጋው ይመለሳሉ። ሰንጋ በጋራ ይታረዳል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ አዲስ ሙሽሮች በገበያው ሜዳ ላይ ወጥተው ለሕዝብ ይታያሉ። ባህላዊ ሹመት የተቀበሉ ሰዎችም በራሳቸው ላይ ቅቤ አድርገው በክብር ይዘዋወራሉ።

ዜማ

የዶርዜ ዜማ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ አብዛኛው ባህላዊ ዘፈን አውጪ ሲያወጣ ተቀባይ በአንድ ድምፅ የሚመልስበት ነው። በዶርዜ ግን ልዩ ልዩ የድምፅ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ይዘመራሉ። አንዱ ወገን ዋናውን ዜማ ሲይዝ ሌላው ከፍ ባለ ድምፅ፣ ሌላው ደግሞ በወፍራም ድምፅ እየተደራረበ ይገባል። ዘማሪው የራሱን ክፍል ሳይለቅ የሌሎቹን መስማት አለበት። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ይህን ዜማ በሥፍራው ቀድቶ በሸክላ ስላሳተመው ዶርዜ በዓለም የሙዚቃ ጥናት ውስጥ ስሟ ይነሳል።

ዶርዜ በምርምር ዓለም

ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዶርዜ ኖሮ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተምሳሌታዊ አስተሳሰብ ባሳተመው መጽሐፍ ከዶርዜ የሰማውን አንድ አባባል ዋና ምሳሌው አደረገ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን በመሆኑ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ። ነገር ግን በጾም ቀናትም ቢሆን እንስሶቻቸውን ከነብር ከመጠበቅ አይቦዝኑም። ስፐርበር ከዚህ ተነስቶ ሰው አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ መያዙና በዕለት ኑሮው የሚመራበት ዕውቀት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ያስረዳል። ምሳሌው ዛሬም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሳል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁዲት ኦልምስቴድም ስለ ዶርዜ ቤት፣ ስለ ሽመናና ስለ ድግስ ሥርዓቱ ጽፋለች።

የዛሬ ሁኔታ

ዶርዜ ዛሬ አርባ ምንጭን የሚጎበኝ መንገደኛ የሚያዘወትራት መንደር ናት። ጎብኚው የቀርከሃውን ቤት ያያል፣ ቆጮ ሲፋቅና ሲጋገር ይመለከታል፣ ሸማ ይገዛል፤ በአካባቢው ወጣቶች በተሠሩ ባህላዊ ማረፊያዎችም ያድራል። ይህ ገቢ አንዳንድ ወጣቶችን በመንደሩ እንዲቆዩ አድርጓል።

በዚያው ልክ የቆርቆሮ ቤት እየበዛ ነው። የቀርከሃ ቤት ለመሥራት ብዙ ቀርከሃ፣ የሠለጠነ እጅና የጎረቤት ጉልበት ያስፈልጋል። ቀርከሃው ለአጥርና ለሽያጭም ስለሚቆረጥ በቅርብ አይገኝም፤ ቤት መሥራት የሚያውቁት ሰዎችም እያረጁ ነው። በቆርቆሮ ቤት ከብት ከሰው ጋር አያድርም፣ ጭስም ቤቱን አይሞላም። ይህ ለጤና ይበጃል። ሆኖም የፍጉ፣ የእንሰቱና የቀርከሃው ዑደት አብሮ ይለወጣል። በሽመናውም በኩል በፋብሪካ የሚታተምና ከውጭ የሚገባ የሐበሻ ልብስ አምሳያ ጨርቅ በርካሽ ዋጋ ገበያ ላይ ስለሚቀርብ የእጅ ሸማኔው ይጎዳል።

መስቀል ሲደርስ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደጋው የሚወጣው አውቶቡስ ዛሬም ይሞላል። በከተማ ተወልደው ያደጉ የሸማኔ ልጆች የወላጆቻቸውን ደሬ የሚያዩት፣ ዘመዶቻቸውን የሚተዋወቁትና በገበያው ሜዳ የሚዘመረውን ዜማ የሚሰሙት በእነዚያ ጥቂት ቀናት ነው።